ቴኖሩና ታዳሚው

ሬሲታል አንድ ሙዚቀኛ ብቻውን ወይም ከአንድ አጃቢ ጋር ሆኖ ሙሉ ምሽት የሚያቀርበው ዝግጅት ነው። ባለተራው የኦፔራ ቴኖር፣ ማለትም ቀጭን የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ፣ ሲሆን ግን ከለመደው ነገር ሁሉ ተገፎ የሚወጣበት መድረክ ይሆናል። በኦፔራ ቤት ካባና ሰይፍ አለው፤ ከፊቱ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ስልሳና ሰባ ሙዚቀኛ ይጫወትለታል፤ ግጥም ቢጠፋበት በመድረኩ ጫፍ ሥር የተሸሸገ አስታዋሽ ሹክ ይለዋል፤ ሲደክመው ሶፕራኖዋ ትቀበለዋለች ወይም ኅብረ ዘማሪው ያግዘዋል። በሬሲታል ምሽት ጥቁር ልብሱን ለብሶ ትልቁ ፒያኖ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ጎን ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድምፁና ፊቱ ብቻ ነው። ማይክሮፎን የለም። እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ይቸግረዋል፤ ይህ ቀልድ የሚመስል ችግር፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ በዓለም የታወቀ አንድ መሐረብ ወልዷል።

ልማዱ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፋኙ ብቻውን ለመቆም ከመድፈሩ በፊት ዝም ብሎ የሚሰማ ታዳሚ መፈጠር ነበረበት፤ ይህም ጊዜ ወስዷል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ኦፔራ ቤት የከተማው ሳሎን ነበር። ባለጸጋ ቤተሰቦች ሎጃቸውን (የግል መቀመጫ ክፍላቸውን) እንደ ቤት ገዝተው ወይም ተከራይተው ይይዙታል፤ እዚያው እራት ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ እንግዳ ይቀበላል። በ1778 የተከፈተው የሚላኑ ላ ስካላ የቁማር ክፍሎች ነበሩት። ሰው የመጣው ሊያይም ሊታይም ስለሆነ ሻማው በዝግጅቱ መካከል አይጠፋም። አንድ ሥራ በአንድ ወቅት ብዙ ምሽት ስለሚደጋገም ታዳሚው ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚወደው አርያ (የአንድ ዘፋኝ ብቸኛ ዘፈን) ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል፣ ዘፋኙ ሲጨርስ ይጮኻል፣ ከዚያ ወደ እራቱ ይመለሳል። አዳራሹን አጨልሞ የሰውን ፊት ወደ መድረክ ማዞር እየተለመደ የመጣው ሪቻርድ ቫግነር በ1876 በባይሮይት የራሱን ቲያትር ከከፈተ ወዲህ ነው።

በዚያ ዘመን የኦፔራው ጀግና ቴኖር አልነበረም። የጀግናውንና የአፍቃሪውን ክፍል የሚይዙት፣ ድምፃቸው እንዳይጎረንን በልጅነታቸው የተሰለቡ ካስትራቶ የሚባሉ ወንዶች ነበሩ፤ ቴኖሩ አባት ወይም ንጉሥ ሆኖ ይተውናል። ካስትራቶዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመድረክ እየጠፉ ሲሄዱ ቦታቸውን ቴኖሩ ወረሰ። የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ቴኖሮች፣ ለምሳሌ የኦፔራ ደራሲው ቤሊኒ በ1835 «ኢ ፑሪታኒ»ን የጻፈለት ጆቫኒ ባቲስታ ሩቢኒ፣ ከፍተኛውን ኖታ የሚወጡት በቀጭኑ የራስ (የጭንቅላት) ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ለስላሳና የተቆጠበ ነው፤ ታዳሚውንም ጆሮውን እንዲያቀና ይጋብዘዋል።

ይህን የለወጠው ምሽት ቀኑ ይታወቃል፤ ኤፕሪል 17 ቀን 1837፣ ፓሪስ። ዢልቤር ዱፕሬ በሮሲኒ «ጊዮም ቴል» ውስጥ ላይኛውን ዶ፣ በሴኮንድ 523 ጊዜ የሚርገበገበውን ኖታ፣ በራስ ድምፅ ሳይሆን በሙሉ የደረት ኃይል አወጣው። የኦፔራው ደራሲ ራሱ ድምፁን አልወደደውም፤ አንገቱ ከሚቆረጥ ዶሮ ጩኸት ጋር ያመሳስለው እንደነበር ይወራል። ታዳሚው ግን አበደ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ቴኖር የሚመዘነው በላይኛው ዶ ነው፤ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን፣ ቲኬት የሚገዛው ሰው አእምሮ ውስጥ ያ ኖታ ተቀምጧል።

የለውጡን ዋጋ የከፈለው አዶልፍ ኑሪ ነው። ከ1826 ጀምሮ የፓሪስ ኦፔራ ቀዳሚ ቴኖር ነበር፤ «ጊዮም ቴል»ም መጀመሪያ የተጻፈው ለእሱ ድምፅ ነው። የዱፕሬን መቀጠር ሲሰማ ሥራውን ለቀቀና አዲሱን የአዘፋፈን ስልት ለመማር ወደ ጣሊያን ሄደ። ድምፁ እየደከመ፣ መንፈሱም እየተረበሸ መጣ። በመጨረሻው ጊዜ የሚጨበጨብለት በአዘኔታ እንጂ በአድናቆት አይደለም ብሎ ያምን እንደነበር ተጽፏል። በማርች 1839 ኔፕልስ ውስጥ በአንድ የዕርዳታ ኮንሰርት ላይ ዘፈነ፤ በማግስቱ ንጋት ከሆቴሉ መስኮት ራሱን ወርውሮ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር።

ኑሪ ጭብጨባውን የተጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ጭብጨባ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ነበር። ክላክ የሚባለው የጨብጫቢዎች ቡድን አለቃ ልምምዱን ተቀምጦ ያያል፣ የት ላይ ማጨብጨብ፣ የት ላይ መሳቅ፣ የት ላይ «ብራቮ» ማለት እንደሚገባ ከአስተዳደሩ ጋር ይመክራል፣ ሰዎቹንም በአዳራሹ ውስጥ በየቦታው ይበትናል። በ1830ዎቹ የፓሪስ ኦፔራን ክላክ ይመራ የነበረው አውጉስት ሌቫሶር የሚባል ሰው ነው፤ ዘፋኞች ደጅ ይጠኑት ነበር። ለሥራው የሚሰጡትን ነጻ ቲኬቶች እየሸጠ ሀብታም ሆኗል። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ እውነተኛውን አድናቆት ከተከፈለበት መለየት ለዘፋኙም አስቸጋሪ ነው።

ብቻ ሆኖ የመጫወት ድፍረት የመጣው ከዘፋኞች ሳይሆን ከፒያኖ ተጫዋች ነው። ቀድሞ ኮንሰርት ማለት የተደበላለቀ ዝግጅት ነበር፤ አንድ ሲምፎኒ ለሁለት ተከፍሎ ይቀርባል፣ መካከሉ ላይ ዘፋኝ ይገባል፣ ቫዮሊን ይከተላል። ፍራንዝ ሊስት በ1839 ሮም ውስጥ ብቻውን ተጫወተ፤ በጁን 1840 ለንደን ሃኖቨር ስኩዌር በሚገኘው አዳራሽ ሲቀርብ ማስታወቂያው «ሬሲታል» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ቃሉ እስከዚያ ድረስ በቃል የተያዘ ግጥም ማነብነብን የሚያመለክት ስለነበር አንዳንዱ ሰው ፒያኖ እንዴት ይነበነባል ብሎ ግራ ተጋባ። ሩቢኒም በ1843 ከሊስት ጋር ሆላንድንና ጀርመንን ዞሯል። ዘፋኝ ከአንድ ፒያኖ ጋር ብቻ ቆሞ ሙሉ ሥራ ሊያቀርብ እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ግን ቴኖር ሳይሆን ባሪቶን ነው፤ ዩሊዩስ ሽቶክሃውዘን በ1856 ቪየና ውስጥ የሹበርትን ሃያ መዝሙር ያለውን «ዲ ሾነ ሙለሪን» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነ። ሹበርት ከሞተ 28 ዓመት ሆኖት ነበር።

በሌላው የአትላንቲክ ዳርቻ ደግሞ የዘፋኝ ምሽት ገበያ ሆነ። በ1850 ፒ ቲ ባርነም የተባለው የትርዒት ነጋዴ ስዊድናዊቷን ሶፕራኖ ጄኒ ሊንድን ወደ አሜሪካ አስመጣና የኒው ዮርኩን የመጀመሪያ ምሽት ቲኬቶች በጨረታ ሸጠ። የመጀመሪያዋን ቲኬት አንድ ባርኔጣ ሠሪ በ225 ዶላር ገዛት። ሰውዬው የገዛው ሙዚቃውን ይሁን የራሱን ስም ማስታወቂያ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ከዚያ ወዲያ ባርኔጣው በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ቀጥሎ የመጣው ለዚህ ተብሎ የተሠራ አዳራሽ ነው። በ1891 የኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ተከፈተ፤ ትልቁ ክፍል 2,800 ያህል መቀመጫ አለው። ለንደን ውስጥ የጀርመኑ ፒያኖ ሠሪ ቤክስታይን ከመሸጫ ሱቁ አጠገብ 550 ያህል ሰው የሚይዝ ትንሽ አዳራሽ ሠርቶ በ1901 ከፈተ። ፒያኖውን ለማሻሻጥ የተሠራ ቤት መሆኑ አያሳፍረውም፤ እስከ ዛሬ ለአንድ ድምፅና ለአንድ ፒያኖ ከእሱ የሚመች አዳራሽ ብዙ አይገኝም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት አገር ንብረት ተብሎ ተወረሰና በ1917 በመንገዱ ስም ዊግሞር አዳራሽ ተብሎ እንደገና ተከፈተ።

የቦስተኑ ሲምፎኒ አዳራሽ ታሪክ ግን ከሁሉ ይለያል። እስከዚያ ድረስ አንድ አዳራሽ ጥሩ ድምፅ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ከተሠራ በኋላ ነበር። ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ ወጣት የፊዚክስ መምህር፣ ተማሪው አስተማሪውን መስማት ያቃተውን አንድ ክፍል እንዲያስተካክል በ1895 ታዘዘ። ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን እያሸከመ ያስመጣል፤ የኦርጋን ቧንቧ ያስጮኻል፣ ያቆማል፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሰዓት ይለካል፤ ትራስ ይጨምራል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ የወጣው ቀመር በ1900 ለተከፈተው ለሲምፎኒ አዳራሽ ሥራ ላይ ዋለ። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ድምፅ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ይንሳፈፍበታል፤ ለዘፋኝ ይህ ከኋላው የቆመ ወዳጅ ማለት ነው።

አንድ ሰው ያለ ማይክሮፎን 2,600 ሰው እንዴት ያዳርሳል ለሚለው መልሱ በጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ድምፅ ኃይሉ የሚበዛው በሴኮንድ 500 ርግብግቢት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ ቴኖር ጉሮሮውን በልዩ መንገድ እያሰፋ በ3,000 አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል ያጎላዋል። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ በጣም ንቁ ነው። ድምፁ ግድግዳውን አያፈርስም፣ በቀዳዳው ያልፋል። ታዳሚው «ይደውላል» የሚለው ያንን ነው።

ይህን ሁሉ ከመሠረቱ ያናጋው ሸክላ ነው። ኤንሪኮ ካሩሶ የተባለ የ29 ዓመት የኔፕልስ ሰው በኤፕሪል 1902 ሚላን በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ዘፈን በ100 ፓውንድ ቀረጸ። ግራሞፎን እስከዚያ ድረስ መጫወቻ ይመስል ነበር፤ የቴኖር ድምፅ ግን ከዚያ ከሻካራ መሣሪያ ጋር የተስማማ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ካሩሶ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሲጀምር ስሙ ቀድሞት ነበር። ለታዳሚው ይህ አዲስ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት ሰው ዘፋኝን የሚሰማው ፊቱ ሲቆም ብቻ ነበር፤ አሁን ዘፈኑን በጆሮው ይዞ ወደ አዳራሽ ይመጣል፣ ሰውዬውንም ከሸክላው ጋር ያስተያየዋል።

በሸክላና በአዳራሽ መካከል ያለውን መንገድ ከማንም በላይ ያወቀበት አየርላንዳዊው ጆን ማኮርማክ ነው። በ1884 አትሎን ተወልዶ ጣሊያን ተምሮ በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ዘፍኗል፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ መተወን አይሆንለትም ነበር፣ እሱም አይክደውም። ስለዚህ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ወደ ሬሲታል አዘነበለ። ከአምስት ሺህ በላይ ሰው የሚይዘውን የኒው ዮርኩን ሂፖድሮም ይሞላ ነበር። አሰላለፉ ብልሃት አለው፤ ሄንደልና ሞዛርት ይቀድማሉ፣ የጀርመን መዝሙሮች ይከተላሉ፣ ከዚያ ስደተኛውን የአየርላንድ ሰው የሚያስለቅሱት የአገር ቤት ዜማዎች ይመጣሉ። የግጥሙን ቃል የያዘች ትንሽ ደብተር በእጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። የእጁ ጭንቀት በዚህ ተፈታ። ከሃያ ዓመት በላይ ያጀበው ፒያኖ ተጫዋች ኤድዊን ሽናይደር ነበር። የሙዚቃ ሐያሲ አንዳንዱን ዘፈኑን ርካሽ ቢለውም፣ ለሄንደል የሚሰጠውን ጥንቃቄ ለእነዚያም አልነፈጋቸውም።

ማኮርማክ ኦፔራን የተወው ወድዶ ነው። ለሮላንድ ሄይስ ግን ሬሲታል ከተከፈቱት በሮች ሁሉ ብቸኛው ነበር። በ1887 ጆርጂያ ውስጥ ከባርነት ከወጣች እናት ተወለደ። አባቱ ሲሞት ቤተሰቡ ወደ ቻታኑጋ ሄደ፤ ልጁ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠራ ጀመር። እዚያ ነው አንድ የሙዚቃ ተማሪ የካሩሶን ሸክላ ያሰማው። ጥቁር አሜሪካዊ የዋና ገጸ ባሕርይ ቴኖር ሆኖ በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ የቆመው በ1961 ነው፤ ጆርጅ ሸርሊ። ሄይስ በወጣትነቱ ያንን መጠበቅ አይችልም ነበር። ቦስተን ሄዶ በአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ በተላላኪነት እየሠራ ተማረ። አዘጋጅ ሲያጣ በ1917 ራሱ ሲምፎኒ አዳራሽን ተከራየ፣ ራሱ ለሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ ቲኬት ሸጠ። አዳራሹ ሞላ፤ ቦታ አጥቶ የተመለሰም ነበር። ያ ሳቢን በትራስ ለክቶ የሠራው አዳራሽ ነው።

በ1920 ወደ ለንደን ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ዓመት በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ፊት ዘፈነ። ከዚያ በ1924 የበርሊኑ ምሽት መጣ። ፈረንሳይ ራይንላንድን በያዘችበት ጊዜ አፍሪካውያን ወታደሮችን ማሰማራቷ ጀርመን ውስጥ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር፤ አንድ ጥቁር ሰው በቤትሆቨን አዳራሽ የጀርመንን መዝሙር ይዘፍናል መባሉ ጋዜጣ ላይ ተቃውሞ አስነሳ። ሄይስ ከአጃቢው ጋር ሲወጣ ከአዳራሹ ፉጨትና ጩኸት ተቀበለው። ከመድረኩ አልወረደም፤ አልተናገረም። እጁን አጣምሮ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ፒያኖው ጎን ቆመ። ደቂቃዎች አለፉ። ጩኸቱ ሰው ሲያጣ ራሱ ደከመ፤ ጸጥታው ሲሞላ ለአጃቢው ምልክት ሰጠና ሊዘፍን ካሰበው ሌላ፣ የሹበርትን «ዱ ቢስት ዲ ሩ»ን፣ ስለ ዕረፍትና ሰላም የሚናገረውን እጅግ ዝግ ያለ መዝሙር፣ በለሆሳስ ጀመረ። ያ መዝሙር ሊሸሸጉበት አይቻልም፤ ትንፋሽ ቢንቀጠቀጥ ይሰማል። ሲጨርስ ያው የፎጨው አዳራሽ አጨበጨበ። ሄይስ ዝግጅቶቹን የሚዘጋው ባሪያ የነበሩ ወገኖቹ በፈጠሩት መንፈሳዊ መዝሙር ነበር፤ ከሹበርትና ከሞዛርት እኩል፣ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ። በ1926 እናቱ በባርነት የኖረችበትን እርሻ ገዛው።

በእነዚህ ሰዎች ዘመን የምሽቱ ሥርዓት ደረቀ፤ እስከ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። በር ላይ የዘፈኖቹ ግጥም ከነትርጉሙ የታተመበት ወረቀት ይሰጣል፤ ታዳሚው እንዲያነብ መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «እባክዎ ዘፈኑ ሳያልቅ ገጽ አይግለጡ» የሚል ማሳሰቢያ አይጠፋም፤ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ገጽ ሲገልጥ ዝናብ እንደጣለ ይሰማልና። ቴኖሩ ብዙ ጊዜ በድሮ የጣሊያን ዜማዎች ይጀምራል፤ ምክንያቱ አክብሮት ብቻ ሳይሆን ጉሮሮን ማሟሟቅ ነው። ከዚያ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ፣ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ አርያዎችና የፍራንቼስኮ ቶስቲ የፍቅር ዘፈኖች ይመጣሉ። ዘፈኖች በቡድን በቡድን ይታሰራሉ፤ ጭብጨባ የሚገባው ቡድኑ ሲያልቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ብቻውን አጨብጭቦ ሲደነግጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ዘፋኙ ግን ብዙ ጊዜ ፈገግ ይልለታል። ሳልን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው፤ በዘፈን መካከል ይታፈናል፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል አዳራሹ በሙሉ በአንድነት ይስላል።

አጃቢው ለረጅም ጊዜ ስሙ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ጄራልድ ሙር ይህን ለመለወጥ ዕድሜውን ሰጠ፤ በ1962 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ «ድምፄ በዛ ወይ?» የሚል ነው። አጃቢ ዘፋኙ መቼ እንደሚተነፍስ ከዘፋኙ ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ትንፋሽ ሲያጥር ትንሽ ይፈጥናል፣ ላይኛው ኖታ ሲያምር ይቆይለታል፣ ቃል ሲጠፋም ዜማውን ያሳየዋል።

መሐረቡ የመጣው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1973 ነው። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ በዚያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በሜትሮፖሊታን በዶኒዜቲ «ላ ፊይ ዱ ሬዢማን» ዘጠኙን ላይኛ ዶ በተከታታይ አውጥቶ ታዳሚውን አሳብዶ ነበር፤ ዱፕሬ የጀመረው ነገር ከ135 ዓመት በኋላ እዚያ ደረሰ። ሙሉ ሬሲታል ግን ሞክሮ አያውቅም። የመጀመሪያውን ያቀረበው በኒው ዮርክ አይደለም፤ ሚዙሪ ውስጥ ሊበርቲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዊልያም ጁዌል በተባለ ኮሌጅ ነው። ዓይን የማይበዛበት ቦታ መመረጡ ተገቢ ነበር። ጉንፋን ይዞት ስለነበር ትልቅ ነጭ መሐረብ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጉንፋኑ ለቀቀው፣ መሐረቡ ግን አልለቀቀም፤ በኦፔራ እንደለመደው በመድረኩ ላይ ከመንቀሳቀስ ገትቶ አንድ ቦታ ያቆመው እሱ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። የማኮርማክ ደብተር፣ የፓቫሮቲ መሐረብ፤ ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አዳራሽ አልበቃው አለ። የሞዴናው ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ፓቫሮቲ በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ የቦክስና የቅርጫት ኳስ ቤት በሆነው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 20,000 ያህል ሰው ፊት ዘፈነ፤ በ1986 ቤጂንግ በሕዝቡ ታላቅ አዳራሽ ቀረበ። ጁላይ 7 ቀን 1990፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ፣ ሮም በካራካላ ጥንታዊ መታጠቢያ ፍርስራሽ ከቴኖሮቹ ከፕላሲዶ ዶሚንጎና ከደም ካንሰር ካገገመው ከሆሴ ካሬራስ ጋር ዘፈነ። በ1991 በለንደኑ ሃይድ ፓርክ ብቻውን ሲዘፍን ዝናብ ወረደ፤ ጃንጥላው ከኋላ ያለውን ሰው ስለከለለ እንዲታጠፍ ተጠየቀ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ልዕልት ዳያናም ጭምር፣ እየበሰበሰ ሰማ። በ1993 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተገኘው ሰው 500,000 ይገመታል።

በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ያለ ማይክሮፎን መዝፈን አይታሰብም። ያ በ3,000 አካባቢ የሚደውለው ጥበብ በድምፅ ማጉያ ሥራ ተተካ፤ ለስላሳውና ኃይለኛው ድምፅ በአንድ መጠን ይወጣል፣ ሩቅ የተቀመጠው ሰው ዘፋኙን የሚያየው በስክሪን ነው። ንጹሐን ነን የሚሉ ሙዚቀኞች ይህን ንቀውታል። ንቀታቸው በከፊል ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሃይድ ፓርክ ሣር ላይ የተቀመጠው ሰው ብዙው የኦፔራ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ እንደነበር ይረሱታል።

ታዳሚው በትናንሾቹ አዳራሾች ዝም ማለትን ቢማርም በላ ስካላ ላይኛው ሰገነት ያለው ሕዝብ አሮጌውን መብቱን አልተወም። በ1992 ፓቫሮቲ ራሱ እዚያ «ዶን ካርሎ» ሲዘፍን ተጮኸበት። በዲሴምበር 2006 ሮቤርቶ አላኛ በ«አይዳ» የመጀመሪያ አርያው እንዳበቃ ሲፎጭበት መድረኩን ጥሎ ወጣ፤ ተተኪው አንቶኔሎ ፓሎምቢ ልብስ ሳይቀይር፣ የመንገድ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ቀጠለ። «ይደገም!» የሚለው ጥያቄ ደግሞ እዚያ ቤት የራሱ ጠብ አለው። በ1903 ሰዉ አንድ የቴኖር ክፍል ይደገም ብሎ አላስቀጥል ሲል ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረው አርቱሮ ቶስካኒኒ በትሩን ጥሎ ሄደ፤ ለዓመታትም አልተመለሰም። መድገም በላ ስካላ ነውር ሆነ። ይህን ልማድ በፌብሩዋሪ 2007 የሰበረው የፔሩ ተወላጁ ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬስ ነው፤ ዘጠኙ ላይኛ ዶ ያለበትን ያንኑ የዶኒዜቲ አርያ ዘፍኖ፣ ጭብጨባው አልቆም ሲል፣ እንደገና ዘፈነው። ከእሱ በፊት እዚያ ቤት ብቻውን ዘፍኖ ለመጨረሻ ጊዜ የደገመው በ1933 ባሱ ፌዮዶር ሻልያፒን ነበር።

በሬሲታል መድገምና መጨመር ተከልክሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚመጣው ለጭማሪው ነው። ወረቀቱ ላይ ያልታተመው ክፍል ሲደርስ ቴኖሩ ራሱ በአፉ ርዕሱን ይናገራል፤ ከምሽቱ ሁሉ ተራ ድምፁ የሚሰማው ያኔ ብቻ ነው። ፍሎሬስ ሊማ ውስጥ የተወለደው የአገሩን ሕዝባዊ ዜማ በጊታር ከሚጫወት አባት ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ወደ ጎን ሲል እሱ ወንበር ይዞ ይመለሳል፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ክሩን ያስተካክላል፤ ያንን ክር ማስተካከል አዳራሹ በሙሉ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል።